ሹራብ ጠባቂው ልጅ፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች እንዴት እናሳትፍ?

መምህርት_ከደብረብርሃን | ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ት/ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለሆነ የእናንተን ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አምስተኛ ክፍል 61 ልጆች አሉኝ። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ አርባ አርባ ደቂቃ። ኳስ ሁለት አለን፤ አንዱ ተነፍቶ አያድርም። ከልጆቹ አንዱ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፤ በሁለት ክራንች ነው የሚሄደው። አንዲት ልጅ አልቢኒዝም (ቆዳ፣ ፀጉርና ዓይን ቀለም የሚያጡበት ሁኔታ) አለባት፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣም ሰሌዳው በደንብ አይታያትም። ሦስተኛው መስማት የተሳነው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ዱላ ቅብብል ነበር። ልጆቹ ሊሰለፉ ሲሉ ሹራባቸውን እያወለቁ ለባለ ክራንቹ ልጅ ሰጡት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ እየተቀበለ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ እያጠፈ ጭኑ ላይ ደረደረው። ቆጠርኩት፤ ሃያ ሦስት ሹራብ። ማንም አላዘዘውም። ደወል ሲደወል የቱ የማን እንደሆነ ሳይሳሳት ስም እየጠራ መለሰላቸው። እኔም ስም ስጠራ «አቤት ቲቸር» አለኝ፤ «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ማታ ያቺ ምልክት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከመስከረም ጀምሮ በእኔ መዝገብ አንድም ቀን አልቀረም። በእኔ ሜዳ ግን አንድም ቀን አልተጫወተም።

ኮሌጅ ስለ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት አንድ ኮርስ ወስደናል። የጉዳት ዓይነቶችን ትርጉም ሸምድደን ተፈተንን። ፊሽካ ይዘን ሜዳ ላይ ስንቆም ምን እንደምናደርግ የነገረን ግን የለም። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጋሼ_ፊሽካ | ጥቅምት 6

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። 27 ዓመት ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አሥራ አምስቱን ዓመት «አንተ ጥላ ሥር አረፍ በል» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። እንዲያ ስል ለልጁ ያዘንኩለት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ እግሩን ፖሊዮ ያቀጠነበት ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ሳልሮጥ ምን ያደክመኛል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

መጀመሪያ ልጁን ራሱን ጠይቂው። ልጆች በሌሉበት፣ ብቻውን። ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚጫወት፣ የቱ ጋ እንደሚያመው፣ ምን ቢሆን ደስ እንደሚለው። የሚጫወተው ነገር አያጣም። ብይ ይጫወት ይሆናል፣ ግብ ይጠብቅ ይሆናል። እኛ መምህራኑ ሳናውቅ የሰፈር ልጆች ሕጉን አስተካክለውለታል።

ቀጥሎ ሰልፉን አፍርሺው። 61 ልጅ በአራት ሰልፍ ስታቆሚ አንዱ ሲሮጥ አሥራ አራቱ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ሳይጫወት የሚውለው ባለ ክራንቹ ብቻ አይደለም። ስድስት ጣቢያ አድርጊ፤ በየጣቢያው አሥር ልጅ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እየተቀያየሩ። አንዱ ጋ ውርወራ፣ አንዱ ጋ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ ጋ ሚዛን መጠበቅ፣ አንዱ ጋ ሰኞ ማክሰኞ። የእያንዳንዱን ጣቢያ ሥራ በሦስት ደረጃ አስቢው፣ ደረጃውን ደግሞ ልጁ ይምረጥ። ከሦስት ሜትር፣ ከአምስት ሜትር፣ ከስምንት ሜትር መወርወር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን «የአካል ጉዳተኛ ጨዋታ» የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁሉም በየአቅሙ ይመርጣል።

አንድ ጨዋታ አልሆን ሲልሽ አራት ነገር ለመለወጥ ሞክሪ፦ ቦታውን፣ ሥራውን፣ ዕቃውን፣ ሰዉን። ሜዳውን አጥብቢ። በእግር የሚሠራውን በእጅ አድርጊው። ኳሱን አለስልሺው ወይም አተልቂው። ጥንዱን ቀያይሪ። ከአራቱ አንዱን ስትነኪ ብዙ ጊዜ ይፈታል።

በጀት አትጠብቂ። አሸዋ የሞላ ሃይላንድ ኮን ይሆንሻል። የካልሲ ኳስ ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ሃያ ኳስ በአንድ ቀን ታገኛለሽ።

ስፖርት_አዳማ | ጥቅምት 7

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ሐቁን እንናገር። እኔ በአንድ ክፍል 72 ልጆች ነው የማስተምረው። ሜዳችን ጠጠር ነው። ያ ልጅ ቢወድቅና ክንዱ ቢሰበር ወላጅ ፊት የሚቆመው ማነው? ርእሰ መምህሩ? እኔ ነኝ። «ለምን አስገደድከው?» ነው የምባለው። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ልጆችም መሮጥና መወዳደር መብታቸው ነው። ለአንድ ልጅ ተብሎ ጨዋታው ሁሉ ከቀዘቀዘ ሌሎቹን ሁሉ እየበደልን ነው። ክፋት አይደለም የምናገረው፤ ፈርቼ ነው። እህቴም ብትጠነቀቅ እመክራታለሁ።

ነጭ_በትር | ጥቅምት 7

ወንድሜ ከአዳማ፣ ፍርሃትዎን በግልጽ ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ብዙዎቹ መምህሮቼ እንደዚያ ፈርተው ነበር፤ ግን አልነገሩኝም።

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሙያዬ ሕግ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት በዓይነ ስውራን አዳሪ ት/ቤት ነው። እዚያ ያልተጫወትነው ጨዋታ አልነበረም። ጠጠር የገባበት ጣሳ እንደ ኳስ እየለጋን ጫማችንን እንጨርስ ነበር። ጎልቦልም እዚያ ነው የለመድኩት። ሦስት ለሦስት ሆነን፣ ዓይናችን ተሸፍኖ፣ ቃጭል ያለበትን ኳስ መሬት ለመሬት እናንከባልላለን፤ ድምፁን ሰምተን በሰውነታችን እንጋርደዋለን። ጨዋታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በጦርነቱ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ማገገሚያ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው። መስመሩ ከሥሩ ገመድ ስላለው በእጃችን እየዳሰስን የት እንዳለን እናውቃለን።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ወደ መደበኛ ት/ቤት ተዛወርኩ። በስፖርት ሰዓት ዋርካ ሥር ቦታ ተሰጠኝ። አራት ዓመት እዚያ ተቀመጥኩ። በየሴሚስተሩ 50 ከ100 ይሞላልኝ ነበር። የሰጡኝ መምህራን ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ያንን ሃምሳ ግን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፤ ምንም ሳልሠራ ነው ያገኘሁት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ አርፍ ነበር፤ ያኔ ገና 20 ዓመቴ ነው። በአዳሪው ት/ቤት ሳለሁ እየወደቅሁ ጉልበቴ ሲላላጥ የኖርኩ ልጅ፣ ዋርካው ሥር አንድም ቀን ሳልወድቅ መሮጥ ፈርቼ ወጣሁ።

ስለ ተጠያቂነት ላነሡት ደግሞ እንደ ሕግ ባለሙያ ልመልስ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ። አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች በጨዋታና በስፖርት ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲሳተፉ ይላል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ያለውንም ጭምር ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ስለዚህ ልጁን ማስቀመጡም ጥያቄ ያስነሣል። እርስዎን የሚጠብቅዎ አስቀድሞ ከወላጅ ጋር መነጋገር፣ የሐኪም ምክር ካለ መጠየቅ፣ ያንን በጽሑፍ መያዝ ነው።

ለእህቴ ሁለት ነገር ላቀብል። ድምፅ ያለው ኳስ ከፈለግሽ ያለሽን ኳስ ፌስታል ውስጥ አስገብተሽ እሰሪው። መሬት ላይ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሩጫ ደግሞ በገመድ ነው። አንድ የጫማ ክር ጫፍና ጫፉን ቋጥረሽ ሁለት ልጆች በየእጃቸው ይያዙት፤ ክንድ ከክንድ እኩል እየተወዛወዘ ይሮጣሉ። የሚያየው ልጅ አይጎትትም፣ አይቀድምም፤ «ጉድጓድ»፣ «ወደ ቀኝ» እያለ ይነግረዋል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ያየሽ ጌቴ በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ከመሪዋ ጋር በእንዲህ ዓይነት ገመድ ተያይዛ ነው የሮጠችው።

የልጄ_እናት_አዲስአበባ | ጥቅምት 8

ነጭ በትር፣ የጻፉትን አንብቤ አለቀስኩ።

ዳውን ሲንድሮም ያለባት የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። መጫወት ነፍሷ ነው። መምህራን ሁሉ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እባካችሁ ልብ በሉ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች በአንዳንዶቹ ላይ የላይኛዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መገናኛ የላላ ይሆናል። ስለዚህ በጭንቅላት መቆም፣ ወደ ፊት መገልበጥና ኳስ በቴስታ መምታት ሐኪም ሳያያቸው አይሠሩም። ልጅቷ አንገቴን አመመኝ ካለች፣ አረማመዷ ከተለወጠ፣ እጅ እግሯ ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታት ቶሎ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የልጄ መምህር ይህን የሰማው ከእኔ ነው። ሲሰማ ደንግጦ ጨርሶ ሊያስቀምጣት ነበር። እኔም «ከመገለባበጡ ብቻ ይቅርባት፣ ሌላውን ሁሉ ትሥራ» አልኩት። አሁን ልጆቹ ሲገለባበጡ እሷ በርሜል ታንከባልላለች፤ ክፍሉም በርሜሉ ላይ ተራ ለማግኘት ይሻማል።

ወላጆችን ጠይቁን። ስትጠይቁን ሸክም የሚሆንብን አይምሰላችሁ፤ የምንጠብቀው መጠየቅ ነው።

ፊዚዮ_ባሕርዳር | ጥቅምት 8

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስለ ሴሬብራል ፓልሲው ልጅ ትንሽ ልጨምር።

ችግሩ ከጡንቻው አይደለም የሚነሣው፤ አንጎል ለጡንቻ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው የተዛባው። ብርድ፣ ድንጋጤና ጥድፊያ ጡንቻውን የበለጠ ያገትሩታል። ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ የጠዋቱን ብርድ አውቀዋለሁ። ስፖርቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ከሆነ ልጁ ገና ሜዳ ሳይደርስ እግሩ ተቆልፏል ማለት ነው። እንዲሁም፦

ከጀርባው ሆነሽ ፊሽካ በድንገት አትንፊ፤ ይደነግጥና ሊወድቅ ይችላል። እግሩን ማንም በጉልበት እንዳይዘረጋው፤ ራሱ ቀስ ብሎ ይዘርጋው፣ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ይያዝ። በክራንች መሄድ ከእኛ አካሄድ ይልቅ በጣም ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ከክፍል ሜዳ መድረሱ ራሱ ማሟሟቂያው ነው ብለሽ ቁጠሪው። የክራንቹን ጫፍ ጎማ ገልብጠሽ እዪ። ከተበላ ያንሸራትታል። ብዙ ጊዜ ልጆቹ የሚወድቁት ከጨዋታው ሳይሆን ከዚያች ጎማ ነው።

ውርወራ ሲሆን ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይንካ። ተቀምጦ ሲወረውር ሁለቱም እጆቹ ነጻ ናቸው። ቦቻ የሚባል ጨዋታም አለ፤ ለእንደሱ ላሉ ልጆች ተብሎ የተስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ያለ። አንዱ ወገን ስድስት ቀይ፣ ሌላው ስድስት ሰማያዊ ኳስ ይይዛል፤ አንዲት ነጭ ኳስ ትጣላለች፣ ወደ እሷ ይበልጥ ያስጠጋ ያሸንፋል። ብይ የሚችል ልጅ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። በካልሲ ውስጥ አሸዋ አስገብታችሁ ብትሰፉት በቂ ነው።

አልቢኒዝም ስላለባት ልጅ ደግሞ ከእኩለ ቀን ፀሐይ ጠብቂያት። ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ትልበስ፤ ፀሐዩ ከኋላዋ ይሁን። የሚቸግራት ከሩቅ በፍጥነት የሚመጣ ኳስ ነው። ነጥሮ ወይም ተንከባሎ ይድረሳት፤ ቀለሙም ከሣሩ የሚለይ ይሁን። ለመሮጥ ግን ምንም የሚከለክላት ነገር የለም።

መምህርት_ከደብረብርሃን | ጥቅምት 9

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ልጁን ጠየቅሁት። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን «ሰፈር ምን ትጫወታላችሁ?» አልኩት። ግብ ጠባቂ ነው፤ ክራንቹን ጥሎ በጉልበቱ ቆሞ። «እዚህስ ለምን አትጠብቅም?» ስለው «እዚህ ማን ጠርቶኝ?» አለኝ።

ፊዚዮ፣ የጻፉልኝ አንድ ጭንቀት ፈጥሮብኛል። ማክሰኞ የእኛ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ለእሱ ብርዱ ነው። ሐሙስ ስድስተኛው ነው፤ ለእሷ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። አንዱን ስጠቅም ሌላዋን ልጎዳ ነው። ምን ይሻላል?

ፊዚዮ_ባሕርዳር | ጥቅምት 9

መሐሉን ፈልጊ፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት። ዋናው ነገር የጥላው አቅጣጫ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ገና በምሥራቅ ስለሆነች ከሕንፃው ምዕራብ በኩል ጥላ ይኖራል። ልጁ ደግሞ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ሆኖ አሥር ደቂቃ ሰውነቱን ቢያሟሙቅ ጥሩ ነው።

ምልክት_ቋንቋ | ጥቅምት 10

መስማት የተሳነውን ልጅ ማንም አላነሣውም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሮጦ ስለሚጫወት ችግር ያለበት አይመስልም። ግን ትእዛዙ አይደርሰውም። ሌሎቹ ሲንቀሳቀሱ አይቶ ስለሚጀምር ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ ኋላ ነው። ሲሳሳት «ቀልደኛ» ይባላል።

ፊሽካሽ ለእሱ የለም። ቀይ ጨርቅ ያዢ፤ ወደ ላይ ሲነሣ ተዘጋጁ፣ ሲወርድ ሩጡ፣ ሲወዛወዝ ቁሙ። ለክፍሉ ሁሉ ይሁን እንጂ ለእሱ ብቻ እንዳይሆን። ስትናገሪ ፀሐይን ከጀርባሽ አታድርጊ፤ ፊትሽ ይጨልምበታል። መጀመሪያ አሳዪ፣ ከዚያ ተናገሪ፤ እያሳየሽ አትናገሪ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። አንዳንድ መስማት የተሳናቸው ልጆች ሚዛን የመጠበቅ ችግርም አለባቸው፤ ከፍ ያለ ነገር ላይ ከማውጣትሽ በፊት መሬት ላይ በተሰመረ መስመር ፈትኚው። «ቁም»፣ «ጀምር»፣ «ለእኔ»፣ «ጎበዝ» የሚሉትን ምልክቶች ደግሞ እሱ ራሱ ለክፍሉ ያስተምር።

ስፖርት_አዳማ | ጥቅምት 10

ነጭ በትር፣ ያሉኝን ሁለት ቀን አሰብኩበት። አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዬ ነጥብ ላይ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሩጫ በሰዓት፣ ርዝመት ዝላይ በሜትር ነው የምንለካው። ያ ልጅ በዚያ ሚዛን ዜሮ ነው። ዜሮ አልሰጠውም፣ ሃምሳ መስጠትም ወንድማችን እንዳሉት ሌላ ጉዳት ነው። ታዲያ ምን ልስጠው?

ጋሼ_ፊሽካ | ጥቅምት 11

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው ወር አንድ መነሻ እመዘግባለሁ። ለባለ ክራንቹ ለምሳሌ፣ በሁለት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሄደ፣ ከአሥር ውርወራ ስንቱን ቅርጫት እንዳስገባ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንኑ ደግሜ እለካለሁ። 40 ሜትር የነበረው 55 ከሆነ አድጓል፤ ነጥቡን በላቡ አገኘ ማለት ነው። ይህን ለሁሉም ልጅ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ዝም ብለው የሚፈጥኑት ልጆችም መትጋት ጀመሩ፤ ከራሳቸው ጋር መወዳደር እንዳለባቸው ሲያውቁ። ሕጉን የማወቅ፣ የመዳኘት፣ ቡድን የመምራት ነጥብም አለ፤ ግን እሱን ለብቻው እንደ ማካካሻ አትስጥ። ዳኝነት ሁሉም በተራ የሚሠራው ይሁን። አለዚያ ሹራብ ጠባቂውን ሰዓት ያዥ አደረግነው እንጂ ምንም አልለወጥንም።

ስለ መወዳደርም ያነሣኸው አለ። ውድድር አይቅር። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ እንኳ ቁጭ አላለም፤ በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። እኛ ግን በማራቶኑ ብቻ ነው የምናስታውሰው። ለተማሪዎቼ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ።

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ | ጥቅምት 13

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ኦቲዝም ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። እዚህ በሕግ ደረጃ ጥሩ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣውና ዛሬ አይዲኢኤ በሚባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ፣ በልዩ ትምህርት ትርጉም ውስጥ ሰውነት ማጎልመሻ በስሙ ተጠቅሷል። ስለዚህ ለልጄ የግል የትምህርት ዕቅድ ስንቀመጥ ስፖርቱም ይነሣል፤ ለዚያ የሠለጠነ መምህርም አለ።

ሆኖም ሕጉ ብቻውን ልጄን አላጫወተውም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በጂምናዚየሙ ጩኸትና በፊሽካው ጆሮውን ይዞ ጥግ ነበር የሚቀመጠው። ለውጡን ያመጣችው መምህሯ ያደረገችው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ፊሽካውን ትታ እጇን ማንሣት ጀመረች። የዕለቱን ሥራ በአራት ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፈችለት፤ አንዱ ሲያልቅ ሥዕሉን ራሱ አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። «ትንሽ ሩጥ» ትለው የነበረውን «እስከ ቢጫው ኮን ሂድና ተመለስ፣ ሦስት ጊዜ» አለችው። መጨረሻው የት እንደሆነ ሲያውቅ ፍርሃቱ ቀነሰ። ሲከብደው የሚሄድበት ጸጥ ያለ ቦታም አለው፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን ደርሶ የሚመለስበት። እናንተም ጋ ወረቀትና እስክርቢቶ አይጠፋም።

ጎንደሬው_6ኛ_ክፍል | ጥቅምት 14

ይህን ሁሉ አትሜ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለጥፌዋለሁ። ቀጥሉ።

መምህርት_ከደብረብርሃን | ኅዳር 19

የጠፋሁት እየሞከርኩ ነው። እንደ ልጅ ደስ ብሎኛል፣ ሁሉም ግን አልተሳካም፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ርእሰ መምህራችንን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የሒሳብ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ቀይሮልኝ አሁን ሁለቱም ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነን። ጣቢያው በመጀመሪያው ቀን ትርምስ ሆነ፤ ልጆቹ መቀያየሩን ስላልለመዱ ስድሳ አንዱም አንድ ጣቢያ ላይ ሄዱ። ሁለተኛው ሳምንት በየጣቢያው አንድ አለቃ ሾምኩ፤ ተስተካከለ። ቀዩን ጨርቅ የሚይዘው መስማት የተሳነው ልጅ ነው። ምልክቶቹን ክፍሉ ሁሉ ለምዶታል፤ እንዲያውም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እየተጠቃቀሱበት ነው ብሎ መምህሩ ከሶብኛል።

የገመዱን ሩጫ ለአልቢኒዝሟ ልጅ ሞከርኩት፤ አልወደደችውም። «እኔ አይቼ መሮጥ እችላለሁ» አለችኝ። አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። የፈለገችው ቀይ ፌስታል የታሰረበትን ኳስ ነው፤ ሲንኮሻኮሽም ትሰማዋለች፣ ሣሩ ላይም ይታያታል።

ከሁሉ የወደዱት ተቀምጦ መረብ ኳስ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳደን፣ ሰፋፍተን አነጠፍን። መረቡ ገመድ ነው፤ ላዩ ላይ አሮጌ ነጠላ አንጠለጠልንበት። ሜዳውን ያሰመርነው የሕንፃው ጥላ በሚያልቅበት ላይ ነው፤ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ። እሷ ከጥላው ወገን፣ ባለ ክራንቹ ልጅ ከፀሐዩ ወገን ይቀመጣሉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጥላው ወደ ግድግዳው ይሸሻል፤ ያኔ ጨዋታውን አቁመን ሁላችንም ከረጢቱን በየጫፉ ይዘን እንጎትተዋለን። ይሄ ራሱ ጨዋታ ሆኗል።

መጀመሪያ ቀን ሯጮቹ ልጆች ኳስ ሲመጣ ሳያስቡት እየተነሡ ፎሪ ሆኑ። እሱ ግን መሬት ላይ ሆኖ ለመንቀሳቀስ ማንም አይስተካከለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ነው። ክንዶቹም ከክራንቹ የተነሣ ብርቱ ናቸው። ወዲያው የሁለቱም ቡድን አለቆች ስሙን ጠሩ፤ መጀመሪያ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ተባባሉ። እሱ ዝም ብሎ አያቸው።

ሹራቦቹ አጥሩ ላይ ነው የሚሰቀሉት። አንድ ቀን ነፋስ ጣላቸውና ተቀላቀሉ። ሲጣሉበት እሱ ቁጭ ካለበት ሆኖ «ያ የእሷ ነው፣ ይሄ የእሱ» እያለ ለየላቸው፤ ከዚያ «ሰርቭ የማን ነው?» አለ።

የልጄ_እናት_አዲስአበባ | ኅዳር 19

እልልል! ለልጄ አነበብኩላት። «እኔም ተቀምጬ ልጫወት» እያለች ነው፤ ምንጣፉን አንጥፋ እየጠበቀችኝ ነው።

ነጭ_በትር | ኅዳር 20

ስለ ገመዱ «አልወደደችውም» ማለትሽን ወደድኩት። ለእኔ የሚሆነው ለእሷ መሆን የለበትም። በነሐሴ 2013 ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ ለአገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ ማየት ከሚያዳግታቸው ግን ጥቂት ከሚያዩት ጋር ነበር የተወዳደረችው፤ ያለ መሪ፣ ብቻዋን እየሮጠች። ያንን ለልጅቷ ንገሪልኝ።

ስፖርት_አዳማ | ኅዳር 21

እህቴ፣ የመረቡን ከፍታ ስንት አደረግሽው? እኔ ጋ ስድስተኛ ክፍል በዊልቸር የሚመጣ ልጅ አለ። ትናንት አባቱን አስጠርቼ አነጋገርኩት። «እስከ ዛሬ የጠራኝ ክፍያ ሲኖር ብቻ ነው» አለኝ። ለመጪው ሰኞ ልሞክረው ነው።

መምህርት_ከደብረብርሃን | ኅዳር 21

ወንድሜ፣ በሕጉ ለወንዶች 1.15 ሜትር፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ነው፤ ሜዳውም 10 በ6 ሜትር። ለልጆቹ ግን ያ ይረዝማል። እኔ አንዷን አጭር ልጅ አስቀምጬ እጇን ወደ ላይ ዘርጊ አልኳት፤ ገመዱን ከጣቷ ጫፍ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ሜዳችሁ ጠጠር ነው ስላሉ ከከረጢቱ ሥር ገለባ ቢጎዘጉዙበት ጥሩ ነው። ኳሱን ሲነኩ መቀመጫቸው መሬት መልቀቅ የለበትም፤ መጀመሪያ ቀን በዚያ ላይ አይጥበቁባቸው፣ በሁለተኛው ቀን ራሳቸው ይቆጣጠራሉ። ልጁ ከዊልቸሩ ሲወርድ ፍሬኑ መያዙን ይዩ፤ እንዴት እንደሚወርድ ግን እሱን ይጠይቁት።

ሰኞ ማታ እጠብቃለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።